ለአጋዘንና ለመካከለኛ የዱር እንስሳት የጥይት ክብደት አመራረጥ፦ በ.308 ጠመንጃ 150፣ 165 ወይስ 180 ግሬን?

የአውሮራ ጀማሪ

ለተከበራችሁ ተሳታፊዎች ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የምኖረው በኮሎራዶ ግዛት በአውሮራ ከተማ ነው፤ የአዳኞችን ትምህርት አጠናቅቄ ለመጪው መኸር ሙል ዲር የተባለውን አጋዘን ወንዱን የማደን ፈቃድ በዕጣ ደርሶኛል። ጠመንጃዬ .308 ዊንቸስተር ሲሆን ከ250 ያርድ በላይ ላለመተኮስ ወስኛለሁ። የቸገረኝ የጥይቱ ምርጫ ነው። በመደብሩ መደርደሪያ ላይ ለዚሁ ለአንድ ካሊበር (የጥይት ውፍረት) 125፣ 150፣ 165፣ 168 እና 180 ግሬን የሚሉ ሣጥኖች ተደርድረዋል። ሻጩ 150ውን አንሥቶ ሲሰጠኝ፣ አብሮኝ ተራራ ሊወጣ ቃል የገባልኝ የሥራ ባልደረባዬ ግን ከ180 በታች የሆነ ጥይት የልጆች መጫወቻ ነው ብሎ ሊያስመልሰኝ ደረሰ።

ይህ የክብደት ልዩነት በእንስሳው ላይ የሚያመጣው ለውጥ በእውነት ምንድን ነው? ወደፊት በዚሁ ጠመንጃ ፕሮንግሆርን የተባለውን ድኩላ መሰል እንስሳና ኤልክ የተባለውን ትልቅ አጋዘን ሴቷን ለማደንም ስለማስብ፣ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ ክብደት ካለ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። የታደነ እንስሳ ሥጋ ስለመባረኩ የሚነሣውን ጥያቄ ለሌላ ክር ብንተወው እመርጣለሁ፤ ባለፈው ጊዜ እርሱ ከተነሣ በኋላ ስለ ጥይት የጻፈ ሰው አልነበረም።

የሮኪ ነዋሪ

ወንድሜ፣ እንኳን ዕጣው ደረሰዎት። ከሕጉ ልጀምር፤ ኮሎራዶ የጥይትን ክብደት በቀጥታ ከሚደነግጉ ግዛቶች አንዷ ናትና። ለአጋዘን፣ ለፕሮንግሆርንና ለድብ ካሊበሩ ከ.24 እንዳያንስ፣ ጥይቱ ሲመታ ራሱ የሚከፈት ሆኖ ቢያንስ 70 ግሬን እንዲመዝን፣ በ100 ያርድ ላይም ቢያንስ 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት እንዲኖረው ይጠይቃል። ለኤልክና ከአጋዘን ወገን ትልቁ ለሆነው ለሙስ ዝቅተኛው ክብደት 85 ግሬን ነው። ካዩዋቸው ሣጥኖች በክብደት ሕጉን የማያሟላ የለም። ሆኖም 168 ግሬን ከሚሉት መካከል ለዒላማ ውድድር ብቻ የተሠሩ አሉ፤ እነዚያ ሥጋ ውስጥ በአግባቡ እንዲከፈቱ ተብለው ስላልተሠሩ ለአደን አይግዟቸው።

ግሬን የአንድ ፓውንድ 7,000ኛ እጅ ነው። በሣጥኑ ላይ የሚጻፈውም ከአፈሙዝ የሚወጣው እርሳስ ብቻ ሲመዘን የሚኖረው ክብደት እንጂ ባሩዱና ቀለሁ የተቆጠሩበት አይደለም። 150 ግሬን 9.7 ግራም፣ 180 ግሬን ደግሞ 11.7 ግራም ያህል ነው። የተለመደው የፋብሪካ 150 ከአፈሙዝ ሲወጣ 2,820 ፉት በሰከንድ፣ 180ው ደግሞ 2,620 ፉት በሰከንድ ገደማ ይጓዛል። ጉልበታቸው ሲሰላ የመጀመሪያው 2,650፣ የሁለተኛው 2,740 ፉት ፓውንድ አካባቢ ይሆናል፤ መቶ እንኳ ያልሞላውን ይህን ልዩነት አጋዘኑ ሊያውቀው አይችልም። በ200 ያርድ ላይ በተስተካከለ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽርም ቢሆን በ300 ያርድ የሚታየው የመውደቅ ልዩነት ከአንድ ወይም ከሁለት ኢንች አያልፍም። እርስዎ ደግሞ በ250 ሊያቆሙ ነው።

ክብደት በእርግጥ የሚለውጠው ጥይቱ ዘልቆ የሚሄድበትን ጥልቀት ነው። ውፍረታቸው እኩል ከሆነ ጥይቶች መካከል ከባዱ ረዝሞ ስለሚሠራ፣ ከፊቱ የሚገጥመውን ሥጋና አጥንት እየገፋ የሚቀጥልበት ኃይል ከበስተኋላው ይኖረዋል። ክብደት ለውፍረት ያለውን ምጣኔ የሚያሰሉ ሰዎች ለ.308 ካሊበር 150 ግሬን 0.226፣ ለ165 0.248፣ ለ180 ደግሞ 0.271 ያገኛሉ። የ.270 ካሊበር 130 ግሬንና የ.243 ካሊበር 100 ግሬን ሁለቱም 0.242 ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ለብዙ አሥርተ ዓመታት ለአጋዘን ሲያገለግሉ የኖሩ ናቸው። በ.308 ያንን ምጣኔ ለማግኘት ከ165 ማለፍ አያስፈልግዎትም ማለት ነው።

የሙል ዲር ልብና ሳንባ የሚገኝበት ስፍራ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ ነው። እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ከቆመ 150ውም አብዛኛውን ጊዜ በአንደኛው ጎን ገብቶ በሌላኛው ይወጣል። የእኔ ምርጫ ለእርስዎ 165 ነው፤ ኤልክን ባያነሡ ኖሮ ግን 150 ብዬ ዝም እል ነበር።

ውጅግራ

ከላይ የተጻፈውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ስሌቱ በሙሉ የተሠራው ጎኑን አስተካክሎ ለሚቆም ታዛዥ እንስሳ ነው። በጥድ ጫካ ውስጥ በ40 ያርድ ርቀት ድንገት የሚነሣ አጋዘን ታፋውን ወይም ደረቱን አዙሮ ይገኛል፤ ጥይቱም ወደ ሳንባው ለመድረስ አስቀድሞ የወርቹን አጥንት መስበር ወይም ረጅም ሥጋ ማቋረጥ ይኖርበታል። በዚያ ቅርበት 150ው ገና ከ2,700 ፉት በሰከንድ በላይ እየሮጠ ነው። ተራ ልባስ ያለው የእርሳስ ጥይት በዚህ ፍጥነት አጥንት ሲያገኝ ይበታተንና ከላይ ትልቅ ቁስል ከፍቶ ከውስጥ ሳይደርስ ይቀራል፤ እንስሳውም ቆስሎ ጫካ ይገባል። የሥራ ባልደረባዎ አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም የሚፈራው ይህንኑ ይመስለኛል።

ስሜን ከአያቶቻችን ጠመንጃ የወሰድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የፈረንሳዮቹ የ1874 ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 25 ግራም ወይም 385 ግሬን ያህል የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ፍጥነት ይተኩስ ነበር፤ ከዛሬው .308 ፍጥነት ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። ዘልቆ የሚገባው በክብደቱ ነበር። ከባድና ዘገም ያለ ጥይት ሌላም ጥቅም አለው፦ በቁስሉ ዙሪያ ደም ቋጥሮ የሚጣለው ሥጋ ያንሳል። ወርቹን ግማሽ በግማሽ ለውሻ የሰጠ ሰው ይህን ያውቃል።

የሮኪ ነዋሪ (ለውጅግራ መልስ)

ስለ ቅርብ ርቀት የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ የማልስማማው በመድኃኒቱ ላይ ነው። ጥይቱ የተበታተነው ስለቀለለ ሳይሆን አሠራሩ ያንን ፍጥነት ስላልቻለ ነው። አሜሪካዊው አዳኝ ጆን ኖስለር በ1946 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሙስ ሲያድን፣ ከ.300 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የተኮሳቸው ጥይቶች ጭቃ የደረቀበትን ቆዳና ትከሻ አልፈው መግባት ተሳናቸው። ጠመንጃው ኃይል አላነሰውም፤ እንዲያውም የዚያ ጠመንጃ ፍጥነት ነበር ለጥይቱ የበዛበት። ኖስለር ያደረገው በጥይቱ ወገብ ላይ ከመዳብ ቅይጥ ግድግዳ ማቆም ነበር፤ የፊተኛው እርሳስ ተከፍቶ ሲያልቅ የኋለኛው ሳይነካ ጉዞውን ይቀጥላል። ይህ ፓርቲሽን የተባለ ጥይት በ1948 ለገበያ ቀረበ፤ ዛሬም ይሸጣል።

ከዚያ ወዲህ እርሳሱ ከልባሱ ጋር የተጣበቀባቸው ጥይቶችና ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠሩ ጥይቶች መጥተዋል። ተራ ጥይት በጉዞው ላይ ከክብደቱ ሢሶውን ወይም ከዚያ በላይ ሊጥል ይችላል፤ 180 ሆኖ ገብቶ 120 እንኳ ሳይሞላ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። የመዳቡ 150 ግን ከሞላ ጎደል እንደገባ ይቀራል። የሚመዘነው በሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ከሆነ ይህ አይታይም። እኔ በ.308 የምከተለው እንዲህ ነው፦ ተራ ጥይት ከሆነ 165 ወይም 180፣ የተጣበቀ ከሆነ 150 ወይም 165፣ መዳብ ከሆነ ከ130 እስከ 150።

የጠንካራ ጥይት ጉድለት በሩቅ ይታያል። ተራው ጥይት በግምት እስከ 1,800 ፉት በሰከንድ ቢዘገይም ይከፈታል፤ ብዙዎቹ የመዳብ ጥይቶች ግን ወደ 2,000 የሚጠጋ ፍጥነት ይፈልጋሉ፤ ካላገኙም እንደ ወስፌ ቀጭን ቀዳዳ በስተው ያልፋሉ። ስለዚህ ከባድ የመዳብ ጥይት በ.308 መያዝ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው፤ ጥልቀቱ አስቀድሞ ሞልቶ ሳለ፣ ለመከፈት የሚያስፈልገውን ፍጥነት ያጣሉ።

ከኡፕሳላ

ጤና ይስጥልን። እዚህ ስዊድን ጉዳዩ በሕግ የተቆረጠ ስለሆነ ልምዱን ላካፍላችሁ። ሙስን ለመሰለ ትልቅ እንስሳ የሚፈቀደው አንደኛ ደረጃ የሚባለው ጥይት ነው፤ ክብደቱ ከ9 እስከ 10 ግራም ያለው ጥይት በ100 ሜትር ላይ ቢያንስ 2,700 ጁል ጉልበት ሊኖረው ይገባል፤ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን 2,000 ጁል ይበቃዋል። ሚዳቋ ለምታህል ትንሿ አጋዘን ማለትም ለሮ ዲር 3.2 ግራምና 800 ጁል ይበቃል።

የዚህ ሕግ ውጤት በየመደብሩ ይታያል። የአገሩ ሰው የሚወደው አሮጌው 6.5 በ55 ጠመንጃ በ140 ግሬን ወይም በ9.1 ግራም ጥይት 2,700 ጁሉን ለመሙላት ይቸገራል። 156 ግሬኑ ግን 10.1 ግራም ስለሚመዝን በቀለለው መስፈርት በቀላሉ ያልፋል፤ ኖርማ ኦሪክስን የመሰሉ የተጣበቁ 156 ግሬን ጥይቶች በሙስ አዳኞች እጅ የሚበዙትም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ቀጭን፣ ረጅምና ዘገም ያለ ጥይት ነው፤ ምጣኔው ከ0.320 ስለሚደርስ ከ.308ቱ 180 እንኳ ይበልጣል። በጥልቀት በኩል አቶ ውጅግራ የሚሉት እውነት መሆኑን በየመኸሩ እናያለን። ሆኖም ይኸው ጥይት ደረቱ ለሳሳ ለትንሽ አጋዘን ሲተኮስ ብዙ ሳይከፈት አልፎ ስለሚወጣ እንስሳው ጥቂት ርቀት ሮጦ ይወድቃል። ለሙስ የሚመረጥ ክብደት ለሮ ዲር የግድ የተሻለ አይደለም።

እመ ቤት ሚኒሶታ

ወንድሞቼ ስለ ጥልቀት ሲከራከሩ፣ ሥጋውን የምታበስል ሰው ደግሞ የሚያሳስባትን ትናገር። በ2008 የሰሜን ዳኮታ ጤና መሥሪያ ቤት ለምግብ ባንኮች የተለገሰ የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ የእርሳስ ስብርባሪ ስለተገኘበት እንዲጣል ጠይቆ ነበር። በዚያው ዓመት የእኛ ግዛት የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በበግ ሬሳ ላይ የተለያዩ ጥይቶችን ተኩሶ ሲመረምር፣ ስብርባሪው ከቁስሉ ከሚጠበቀው በላይ ርቆ ተበትኖ ተገኘ። ይበልጥ የተበታተኑት ፈጣን ሆነው ቶሎ የሚከፈቱት ጥይቶች ነበሩ፤ መዳቦቹ የተዉት ስብርባሪ እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ ከክብደት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ቀላል፣ ፈጣንና ተራ የእርሳስ ጥይት ከሁሉ ይልቅ ሥጋን የሚበክል ነው፤ ክብደቱ ሲጨምርና ፍጥነቱ ሲቀንስ፣ ወይም እርሳሱ የተጣበቀ ሲሆን ብክለቱ ይቀንሳል፤ መዳብ ከሆነ እርሳስ የሚባል ነገር የለም። እኛ ደግሞ ክትፎና ጥብስ የምንወድ፣ ልጆችንም በእጃችን የምናጎርስ ነን፤ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ትንሽ እርሳስም ቢሆን አይመከርም። ተራ ጥይት የምትጠቀሙ ከቁስሉ ዙሪያ ሰፋ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ያንን ሥጋ ከሌላው ጋር አትፍጩት። የአጋዘን ሥጋ በጥሬው መብላት ግን በመዳብ ጥይት ቢታደንም በእኔ ቤት የተከለከለ ነው።

የቀድሞ ዘብ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በሠራዊት ቤት የለመድኩት ክላሽ ነው። የክላሹ 7.62 በ39 ጥይት 123 ግሬን ነው ይላሉ። ይህ ክብደት ለአጋዘን ይበቃ ይሆን?

የሮኪ ነዋሪ (ለቀድሞ ዘብ መልስ)

ክብደቱ ይበቃል፤ የሚያንሰው ፍጥነቱ ነው። ራሱ የሚከፈት 123 ግሬን ጥይት በ100 ያርድ ላይ 1,130 ፉት ፓውንድ ገደማ ስለሚቀረው የኮሎራዶን መስፈርት ለጥቂት ያልፋል፤ በ200 ያርድ ግን ከ1,000 በታች ወርዷል። ስለዚህ የመቶ፣ ቢበዛ የመቶ ሃምሳ ያርድ መሣሪያ ነው። በሠራዊት ቤት የሚያውቁት ሙሉ ልባስ ያለው ጥይት ስለማይከፈት ለዚህ አደን አይፈቀድም። በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ደግሞ በካዝናውና በበርሜሉ በድምሩ ከስድስት ጥይት በላይ መያዝ የለበትም።

የአውሮራ ጀማሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእመ ቤት ሚኒሶታ ጽሑፍ ወደ መዳብ ጥይት አድልቶብኛል፤ ባለቤቴም አንብባው ጉዳዩን ጨርሳዋለች ማለት ይቻላል። ሆኖም ጠመንጃ የሚያድስ አንድ ሰው የመዳብ ጥይት ለአንዳንድ በርሜል አይስማማም አለኝ። ይህ እውነት ነውን?

ባሩድ ሰፋሪ

በከፊል እውነት ነው፤ ጥይት በቤቴ ስለምሞላ ነገሩን ቀረብ ብዬ አውቀዋለሁ። በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ጥይቱን እያሽከረከረ ይለቀዋል፤ ሽክርክሪቱ ካነሰ ጥይቱ በአየር ላይ ይዋልላል። ምን ያህል ሽክርክሪት እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ደግሞ የጥይቱ ርዝመት እንጂ ክብደቱ በቀጥታ አይደለም። ክብደትን የምንጠቅሰው በእርሳስ ዘመን ክብደትና ርዝመት አብረው ይሄዱ ስለነበር ነው። መዳብ ከእርሳስ ይቀላል፤ በኩብ ሳንቲ ሜትር እርሳስ 11.3 ግራም ሲመዝን መዳብ 9 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የመዳብ 165 ከእርሳሱ 165 በግልጽ ይረዝማል፤ የሚፈልገው ሽክርክሪትም ከእርሱ ከበድ ያለ የእርሳስ ጥይት የሚፈልገውን ያህል ነው።

የ.308 በርሜሎች አብዛኞቹ በ10 ወይም በ12 ኢንች አንድ ሙሉ ዙር ያዞራሉ። በ10 ኢንች ለሚያዞረው ምንም ችግር የለም። በ12 ኢንች ለሚያዞረው የመዳብ 150ና ከዚያ በታች ያለው ይመቸዋል፤ ረጃጅሞቹን ግን ሳይፈትኑ አይመኑ። በርሜሉ ላይ ካልተቀረጸ ራስዎ ሊለኩት ይችላሉ፦ ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ የሚሽከረከር እጀታ ባለው የማጽጃ ዘንግ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ አድርገው ያስገቡ፤ በዘንጉ ላይ ምልክት ያድርጉና አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ድረስ ስንት ኢንች እንደገባ ይለኩ። የዴንቨር አካባቢ ከፍታ እዚህ ላይ ይረዳዎታል፤ ስስ አየር ጥይቱን ለማረጋጋትም ፍጥነቱን ለማቆየትም ከባሕር ጠረፍ አየር ይሻላል። በሌሎች ካሊበሮች ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብቃል፦ ብዙዎቹ የ.243 በርሜሎች በ10 ኢንች ስለሚያዞሩ 100 ግሬን የእርሳስ ጥይት የመጨረሻቸው ነው፤ በመዳብ ደግሞ ወደ 80 ወይም 85 መውረድ ይመረጣል። 6.5 ክሪድሙር በ8 ኢንች ስለሚያዞር ይህ ጭንቀት የለበትም።

ውጅግራ

መዳብ ከሆነስ እኔም 150ውን እፈርምለታለሁ። ባልደረባው ግን 180 እያለ እንደሚቀጥል አልጠራጠርም፤ ይቀጥል፣ በ180 የሞተ አጋዘን የሚያማርርበት ነገር የለውም።

የአውሮራ ጀማሪ

በርሜሉን በተነገረኝ መንገድ ለካሁት፤ በ10 ኢንች የሚያዞር ነው። 150 ግሬን መዳብና 165 ግሬን የተጣበቀ ከእያንዳንዱ አንድ ሣጥን ልገዛ አስቤአለሁ። ሁለቱንም ይዤ ብወጣ፣ አንዱን ለቅርብ አንዱን ለሩቅ፣ ስህተት ይሆናል?

ባሩድ ሰፋሪ

ሁለቱን መግዛትዎ ጥሩ ነው፤ ሁለቱን ይዞ መውጣት ግን አይመከርም። ክብደታቸውና ፍጥነታቸው የተለያየ ጥይቶች ከአንድ በርሜል ቢወጡም አንድ ቦታ አይመቱም፤ በ100 ያርድ ላይ ብቻ በብዙ ኢንች የሚራራቁበት ጊዜ አለ፣ አንዳንዴም ወደ ጎን ጭምር። ሁለቱንም በ100 ያርድ ከተደላደለ ቦታ ይሞክሯቸው፤ በየመሐሉ በርሜሉ ይብረድ፣ ከመጀመራችሁ በፊትም መነጽሩ በሚገባ መጥበቁን ይመልከቱ። አቀራርቦ የሚመታውን ይምረጡ። ትከሻዎ ላይ የሚያርፈውን ግፊትም ቁጠሩት፤ ከባዱ ጥይት ይበልጥ ይገፋል፣ ግፊቱን ፈርቶ ቃታ የሚስብ ሰው ደግሞ የሚያተርፈው ጥልቀት የለም። ከዚያም የመረጡትን ጥይት በሣጥኑ ላይ አንድ ዓይነት የምርት ቁጥር ያለውን ለመኸሩ የሚበቃዎትን ያህል ገዝተው መነጽሩን በእርሱ ብቻ ያስተካክሉ።

ለፕሮንግሆርን ያንኑ ይጠቀሙ፤ ክብደቱ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ስለሆነ ከሁለቱ የትኛውም ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም። ለሴት ኤልክም ከሁለቱ የትኛውም ይሆናል፤ እዚያ ግን ርቀቱን ከ250 ወደ 200 ያርድ ዝቅ ያድርጉት፣ ፊቱን ወይም ታፋውን ላዞረ እንስሳም አይተኩሱ። የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣውን ደንብ ፈቃድዎን ከመጠቀምዎ በፊት እንደገና ያንብቡት።